ባዶ ቱቦ ይነሳል ወንድሜ፤ እኛ ላይ ደርሷል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «1 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ቱቦ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ልንቀብር ነው። ክረምቱ ገብቷል። አለቃዬ ኮንክሪት አይንሳፈፍም ይለኛል። እውነት ይነሳል ወይ?» ነው ያልከው። ከስር የተሰጡህን መልሶችም አየሁ። አንዱ «አትስጋ፣ ከባድ ነው» ብሎሃል። እባክህ እሱን አትስማ። ይነሳል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከኪሳችንም ከፍለንበታል።

ስለ ቱቦ አቀባበር ሀ ሁ አልነግርህም፤ ያንን ታውቀዋለህ። ቦታህ ጥቁር አፈር፣ ጊዜውም ሰኔ ነው ብዬ ልነሳ፤ የኛም እንደዚያ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወረታ ብዙም ሳንርቅ፣ የገጠር መንገድ እንሠራ ነበር። ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውሃው ሜዳው ላይ ነው የሚተኛው። ሩዝ የሚበቅልበት አገር ነው። ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር ማለቴ ነው፣ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። ቦይ ቆፈርክ ማለት ገንዳ ሠራህ ማለት ነው።

1. ቁጭ ብለህ አስላ። የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 10 ሴንቲ ከሆነ የውጭ ስፋቱ 1.2 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመቱ የ1,131 ሊትር ውሃ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ውሃው በ1,131 ኪሎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቱቦው ራሱስ? ኮንክሪቱን በሜትር ኪዩብ 2,400 ኪሎ ብትይዘው 830 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ሜትር 300 ኪሎ ይጎድለዋል ማለት ነው። አለቃህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ይሆናል። ምናልባት የሚያውቀው ትንንሹን ነው። 40 ሴንቲ ቱቦ ውፍረቱ 6 ሴንቲ ቢሆን ውሃው በ212 ኪሎ ይገፋዋል፣ እሱም 208 ኪሎ ይመዝናል። እኩል ለእኩል ነው፤ ትንሽ አፈር ከያዘው አይነሳም። ቱቦው ሲተልቅ ነው ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ግድግዳውን የሚያሸንፈው።

ውፍረቱን ደግሞ ራስህ በሜትር ለካው። ከአምራቹ ወረቀት አትውሰድ። እኛ 10 ሴንቲ ተብሎ የገዛነው ስንለካው 8 ተኩል የሆነ ነበረበት። በዚያ ውፍረት የሚጎድለው ክብደት 300 ሳይሆን 380 ኪሎ ይሆናል። እኔ የለካሁት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

2. የአፈሩን ክብደት በውሃ ውስጥ እንዳለ አስላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የጠገበ አፈር በሜትር ኪዩብ 1,700 ኪሎ ቢመዝን፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቱቦውን የሚጫነው በ700 ኪሎ ብቻ ነው፤ 1,000 ኪሎውን ውሃው ያነሳዋል። ውሃው እስከ መሬቱ ፊት ሞልቶ፣ ቱቦው ባዶ ሆኖ አስበው። ላዩ ላይ የሚያልፍ መኪና አትቁጠር። ከትከሻው በላይ የሚያርፈውን አፈር ጨምሬ በ1.5 መጠባበቂያ (ወደ ታች የሚጫነው ወደ ላይ ከሚገፋው 1.5 እጥፍ እንዲሆን) ስሠራው፣ ከቱቦው አናት በላይ 90 ሴንቲ ያህል የተጠቀጠቀ ሙሌት (መልሰህ የምትሞላው አፈር) ይፈልጋል። በ1.2 ከሠራህው 50 ሴንቲ ይበቃል ይልሃል። እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ እኔ ከ1.5 አልወርድም።

ሙሌቱ ገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር) ይሁን። ዋልካውን መልሰህ አትሙላው። በበጋ ይሰነጠቅና ከቱቦው ይላቀቃል፣ በክረምት ያብጣል። ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው የሚልህም ይኖራል። ሬድ አሽ ለሌላ ሥራ ጥሩ ነው። ቱቦ ለመጫን ግን ቀላል ስለሆነ ውሃ ሲገባው የሚተርፈው ክብደት ጥቂት ነው።

3. የቱቦውን ሁለት አፍ አትድፈን። እኛን የጎዳን ይኼ ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበር። አንድ አንድ ሜትር የሚረዝሙ 12 ቱቦዎች ደርድረን፣ መጋጠሚያቸውን በማልታ (በሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ) ይዘን፣ ጎንና ጎኑን እስከ ግማሽ ሞልተናል። የቀረው ከላይ ያለው ሙሌት ነው። ገረጋንቲው ሳይት ላይ ተከምሯል። የተቆጣጣሪው ተጠሪ መሐንዲስ ግን «ሰኞ ሳላየው አንድ አካፋ እንዳታስገቡ» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሳይት ቡክ (የሥራ ቦታው መዝገብ) ላይ ጥያቄ ጽፌ ነበር፤ ሳይፈርም ነው የሄደው። ዝናብ እንደሚመጣ ሰማዩ ይናገር ነበር። እኔ ያሰብኩት ጭቃ ወደ ቱቦው እንዳይገባና ሰኞ እንዳንጠርግ ነው። ሁለቱንም አፍ አፈር በሞላ ማዳበሪያ አስዘጋሁ፤ ክፍተቱንም በማልታ አስለሰንኩ። ናፍጣ ለመቆጠብ ፓምፑም ጠፋ።

ፎርማናችን ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ሲዘጋ ቆመው አዩና «ልጄ፣ አፉን የደፈንሽው እንስራ ወንዝ ውስጥ ይሰጥማል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ኮንክሪት ነው» አልኳቸው። ዛሬም ይቆጨኛል። ዲግሪዬን ይዤ ያላየሁትን እሳቸው በእንስራ አይተውታል።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጥበቃው ደወለ። «ኢንጂነር፣ ቱቦው ተነሳ» አለኝ። ሌባ የወሰደው መስሎኝ «ስንቱን ወሰዱት?» አልኩት። «ኧረ የወሰደው የለም፣ ራሱ ነው የተነሳው» አለኝ። ስንደርስ ቦዩ እስከ አፉ ሞልቷል፤ የመሃሉ ቱቦ ጀርባ ከውሃው በላይ ይታያል። ሊነጋ ሲል መጋጠሚያዎቹ ተላቀቁና ውሃ ገባበት፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ግን ቦታው ላይ አይደለም። ስሩ ጭቃ ገብቷል። መስመሩ እንደ እባብ ተጣሟል። ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። ውሃውን ስበን፣ ቱቦውን አውጥተን፣ ቤዲንጉን (ቱቦው የሚተኛበትን ንጣፍ) ጠርገን እንደገና ለመደርደር 9 ቀን ፈጀብን።

አስበው እንግዲህ። አፉ ክፍት ቢሆን ኖሮ ውሃው ከውጭ ሲመጣ ከውስጥም ይሞላ ነበር። ውስጡ ውሃ ያለበት ቱቦ አይነሳም። ጭቃውን ሰኞ በሁለት ሰው ጠርገን በጨረስነው ነበር።

ማጽደቁን ያዘገዩት እነሱ ስለሆኑ የድጋሚ ሥራው ክፍያ እንዲታይልን ደብዳቤ ይዤ ሥራውን ወደሚቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት ዋና ቢሮ ሄድኩ። ኮሪደር ላይ ሦስት ሰዓት አስቀመጡኝ። በመጨረሻ ያናገረኝ ሰው ቁጭ በይ እንኳ አላለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምንተያየው፤ «አንቺ፣ ኮንክሪት ተንሳፈፈ ብለሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?» አለኝ። ስሌቱን በወረቀት ዘረጋሁለት። አላየውም። ከሳምንት በኋላ «የሥራ ተቋራጩ ቸልተኝነት ነው» የሚል መልስ መጣ፤ ሳንቲም አልተከፈለንም። አፉን በመድፈኔ ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልሸሸውም። ያ ሙሌት ዓርብ ገብቶ ቢሆን ግን ቱቦው ንቅንቅ አይልም ነበር። ስለዚህ የምትጠይቀውን ሁሉ ሳይት ቡክ ላይ በሰዓቱ ጻፍ። «አልፈርምም» ካለ «አልፈርምም ብሏል» ብለህ ምስክር አስፈርም። ፎቶም አንሳ።

4. ኮንክሪት አልብሰው ከተባልክ ተጠንቀቅ። እኛንም ሁለተኛው ዙር ላይ ዙሪያውን በኮንክሪት ሸፍኑ አሉን። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ያልደረቀ ኮንክሪትም ፈሳሽ ነው፤ ያውም ከውሃ ከእጥፍ በላይ የሚከብድ። በአንድ ጊዜ እስከ አናቱ ብታፈሰው ያንን ቱቦ በሜትር በ2,700 ኪሎ ገደማ ሊገፋው ይችላል። ክረምቱ ያልሠራውን ሚክሰሩ ይሠራልሃል። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ አስልቼ ነበር። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸውና ተስማማን። መጀመሪያ እስከ ሲሶው ብቻ አፈሰስን፣ አሳደርነው፣ ሲይዝ ቀጠልን። በሌቭል (በከፍታ መለኪያው መሣሪያ) ስንፈትሸው አንድ ሚሊ አልተነሳም። ያ መስመር ሦስት ክረምት አልፎታል፤ ባለፈው መስከረም በዚያ ሳልፍ ወርጄ አይቼዋለሁ። ቀጥ እንዳለ ነው። ኮንክሪቱም ቢሆን ውሃ ውስጥ በሜትር ኪዩብ 1,400 ኪሎ እንጂ 2,400 ሆኖ እንደማይጫንልህ ያዝ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። በአንድ ቀን ልሸፍነው የማልችለውን ቱቦ አልደረድርም። 12 መደርደር ከቻልን ግን 6 ብቻ መሸፈን ከቻልን፣ 6 እንደረድራለን። ከቦዩ ዝቅተኛ ጫፍ ወጣ አድርጌ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፤ ጠጠር አስገብቼ ፓምፑን እዚያ አስቀምጣለሁ። ፓምፕን በቀጥታ ቦዩ ውስጥ ብትከተው ጭቃ ይስብና ያልቅልሃል፣ ቤዲንጉንም ያጥብብሃል። ሙሌቱ ሙሉ እስኪሆን ፓምፑ ሌሊትም አይጠፋም፤ ሁለተኛ ፓምፕና ናፍጣ ሳይት ላይ ያድራሉ። አስተዳደሩ ስለ ናፍጣው ሲያጉረመርም የ9 ቀኑን የኤክስካቫተር ኪራይ አሳየዋለሁ።

ሙሌቱ ሳያልቅ ዝናብ ከመጣብህና ፓምፑ ካቃተው ደግሞ አትከራከረው። አፉን ክፈትና ውሃው ይግባ። ቢያንስ ቱቦው ቦታው ላይ ያድራል።

አሁን ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ራስህ የለካኸው የግድግዳው ውፍረት፣ ከቱቦው አናት እስከ መንገዱ ፊት ያለው ጥልቀት፣ የምትሞላው አፈር ዓይነት። ዛሬ ማታ ሠርቼ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ፤ ለአለቃህ አሳየው። እስከዚያ ድረስ አፉን የደፈናችሁት ካለ ከሥራ ሳትወጡ አስከፍተው።