መልስ፦ የሚኒሶታ ልጆች እረፍት ከኛ ገና ጋር ይገጥማል ወይ?

አይገጥምም። እህትህ ከነልጆቿ ከሚኒሶታ መጥታ ገናን ጅማ ልታከብር ካሰበች፣ እዚያ ያለው የብርድ ወቅት እረፍት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከዲሴምበር 25 ትንሽ ቀደም ብሎ ይዘጋና ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ስለዚህ ወይ ልጆቹን ለጥቂት ቀናት ታስፈቅድ፣ ወይ በዓሉ ሳይደርስ ይመለሱ።

እኔ ብሆን አስፈቅዳለሁ። በሐምሌና ነሐሴ እዚያም እዚህም ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ግን የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ልጆቹ ከቤት ሳይወጡ ይመለሳሉ። በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ያገኙታል። የኔ እህት ልጆች ከአያታቸው ጋር ቀዩን ቡና ሲያገላብጡ ዋሉ፤ እስካሁን የሚያወሩት እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ቀን ስትቀጣጠሩ በሁለቱም አቆጣጠር ተነጋገሩ። እኔ በስልክ «ታኅሣሥ 25» ስላት እህቴ ዲሴምበር 25 መስሏት ትኬት ቆረጠች። ያ ቀን እኮ በኛ ታኅሣሥ 16 ነው! ካሰብኩት ዘጠኝ ቀን ቀድማ ደረሰች፤ እኔም የሥራ ፈቃድ አልወሰድኩም ነበር፣ ልጆቹም የበዓሉን ዋዜማ እንኳን ሳያዩ ተመለሱ።