ሜታኖሉን ከማንሳታችሁ በፊት

ባዮኬሚስትሪ ወይ ፋርማሲ ተምራችሁ በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ልትሰሩ የምታስቡ ልጆቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ስራ ስለሆነ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ፕሮፖዛላችሁን ሳነበው አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ቅጠሉ ይለቀማል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል በሚባለው አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሜታኖሉ ሮታሪ በሚባለው ማሽን ላይ ይተናል፣ ከዛ ባክቴሪያ ላይ ይሞከራል። መጥፎ ነው አልልም። ግን ያ ቅጠል ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚናገር አንድ መስመር ፈልጌ አጣለሁ፣ ኬሚስትሪው የሚጀምረው ደግሞ እዛ ጋ ነው።

እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሰው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥብበት ትንሽ ወረድ ብሎ ውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፣ ያ ሁሉ ምርምር ከዛ ነው የመጣው፣ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት እስከማግኘት ድረስ። ይሄን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሚገርመኝ ኬሚስትሪው ነው። ፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰሩት ውህዶች፣ ሁለት ቦታ ላይ ስኳር ተያይዞባቸው ነው የሚቀመጡት፣ እንደዛ እንዳሉ ቀንድ አውጣ አይገድሉም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን ስኳር ቆርጦ ይጥለዋል፣ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። ሜታኖል ስትጨምሩበት ግን ኢንዛይሙ ይሞታል፣ እናንተም የማይሰራውን ዓይነት ይዛችሁ ትቀሩና «እንዶድ ላይ ምንም አላገኘንም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እናቶቻችን ወቅጠው በውሃ ሲዘፈዝፉት ትክክለኛውን ኤክስትራክሽን፣ ማለትም የሚሰራውን ነገር ከተክሉ ማውጣት፣ ነው ሲሰሩ የኖሩት፣ ይሄን በደንብ አስቡት።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩም እንደዚሁ ናት። የወባውን መድኃኒት አርቴሚሲያ ከሚባለው ተክል ስትፈልግ ውጤቱ አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ እየሆነ አስቸግሯት ነበር፣ በኋላ ከ1600 ዓመት በላይ የሆነው የአገሯ የሕክምና ጽሑፍ ላይ ተክሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ መጠጣት እንጂ ማፍላት እንዳልተጻፈ አየች፣ ሙቀቱ እያበላሸው ይሆናል ብላ 35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላው ኤተር አወጣችው። በፈረንጆቹ 2015 ኖቤል አገኘች። ጫትንም እዩት፣ ቅጠሉ ሲደርቅ የሚያነቃቃው ካቲኖን በጣም ደካማ ወደሆነው ካቲን ይቀየራል፣ ሰው በኮባ ጠቅልሎ በዛው ቀን ገበያ ለማድረስ የሚሯሯጠው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ከሳምንት በኋላ ደርቆ የተፈጨ ዱቄት ላይ ትሰራላችሁ።

ስለዚህ ጠይቁ። የቱ ክፍል ነው የሚወሰደው፣ መቼ ነው የሚለቀመው፣ እርጥቡ ነው ደረቁ፣ በማር ነው በጠላ ነው? ኮሶ ስትሰሩ የሴቴዋን ዛፍ አበባ ነው መውሰድ ያለባችሁ፣ ይሄን የሚያውቁ ሽማግሌ ባሉበት ሰፈር የወንዴውን ለቅሞ መምጣት ያሳዝናል። አዋቂዎቹ ጋ በአክብሮት ሂዱ፣ አባባ እማማ ብላችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ መናገር ካልፈለጉ አታስጨንቋቸው። እውቀቱ የነሱ ነው፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ እውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ናሙናውን ደግሞ ተጭናችሁ አድርቃችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ፣ አስገቡ፣ ምክንያቱም አንድ ስም ሁለት ወረዳ ላይ ሁለት የተለያየ ተክል ሊሆን ይችላል፣ የዛኔ የሁለት ዓመት ስራችሁ የየትኛው ተክል እንደሆነ አይታወቅም።

ስለ ማሽን ብዙ አልልም። ጂሲ ኤምኤስ የሚባለው ውህዶችን የሚለየው ማሽን የሚያሳያችሁ የሚተነውን ብቻ ነው፣ ስሙንም የሚሰጣችሁ ውስጡ ካለው የታወቁ ውህዶች ዝርዝር ጋር አመሳስሎ ነው፣ የአርባ ውህድ ስም ዝርዝር ለኔ ግኝት አይደለም። አንዷን ለይታችሁ አጥርታችሁ የውህድን አሠራር በሚያሳየው ኤንኤምአር ማሽን ብታረጋግጡ ይሻላል፣ የአገራችን ኤንኤምአር ወረፋ ረጅም ቢሆንም።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን እናንተ እንኳን እንዳትደግሙት። ተክሉ እነዚህን ነገሮች የሚሰራው ለኛ ብሎ አይደለም፣ ነፍሳትና ከብት እንዳይበሉት ነው። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ጤና አዳም ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። የላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል ሞተ ማለትም መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፣ መጠኑን ከፍ ካደረጋችሁት ብዙ ነገር ሴል ይገድላል፣ ጤነኛውን ሴልም ጎን ለጎን ሞክሩ፣ ጋዜጠኛ ሲደውልላችሁም ይሄንኑ ንገሩት፣ የታመመ ሰው ያንን ዜና ሰምቶ የካንሰር ሕክምናውን፣ ኪሞውን፣ ሊያቋርጥ ይችላል።

ስትጨርሱ ደግሞ ወደነገሯችሁ ሰዎች ተመለሱ። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ እነሱ ጋ አይደርስም። በሚያወሩት ቋንቋ ቁጭ ብላችሁ ያገኛችሁትን ንገሯቸው፣ በተለይ ጎጂ ነገር ካገኛችሁ፣ የሚለኩበትን ስኒ አይታችሁ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የማይሆነውን ለይታችሁ አሳዩዋቸው፣ እነሱ ነገ ጠዋትም ለሰው ይሰጡታል።