ጥያቄና መልስ፦ የመዝሙር መሪ በምን ይመዘናል?

ሰሞኑን ስለ መዝሙር ክፍል የሚጠይቁ መልእክቶች በዝተውብኛል። አብዛኞቻችሁ ጎጃም ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ናችሁ። የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለእናንተ ሰጥቼዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «የመዝሙር ክፍል ኃላፊያችን በሥራ ምክንያት ከተማ ቀየረ። ድምፁ በጣም የሚያምር ልጅ አለ፤ ሁሉም እሱ ይምራ ይላል። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። እንዴት እንፈትነው?»

አለመቸኮልህ ደግ ነው። ድምፀ መረዋ ልጅ ብቻውን ሲዘምር ያስደስታል፤ መምራት ግን ሌላ ሥራ ነው። መሪ ከመዘመሩ በላይ መስማት አለበት። ድምፃቸው የሚወደስላቸው ልጆች ደግሞ፣ ሐሜት አይሁንብኝና፣ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ራሳቸውን ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ማንም ያልለመደውን አጭር መዝሙር ስጡት። ስድስት ሰው መድቡለት፤ ከስድስቱ አንዱ ዜማ የሚስት ይሁን። ግማሽ ሰዓት ያስጠናቸው። እናንተ ኋላ ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ።

መጀመሪያ አነሳሱን እዩ። ከፍ አድርጎ ካነሳው አዝማቹ ላይ ሲደርሱ እህቶች ይጮኻሉ፣ የወንዶቹ የአንገት ሥር ይገተራል። ልምድ ያለው መሪ የመዝሙሩን ከፍተኛ ቦታ አስቀድሞ በለሆሳስ ያንጎራጉረዋል፤ ከዚያ ሁሉም የሚደርስበትን ድምፅ መርጦ ይጀምራል። ቀጥሎ፣ ዜማው ሲበላሽ ማን እንደሳተ ለየ ወይ? «እንደገና፣ እንደገና» እያለ ስድስቱንም የሚያደክም ከሆነ አልሰማም ማለት ነው። የሳተውንስ በሰው ፊት አሸማቀቀው ወይስ ያቺን አንዷን ሐረግ ብቻ አብሮት ደጋገማት? መጨረሻ ላይ እሱ ይውጣና ስድስቱ ብቻቸውን ይዘምሩ። ከመሀል ከተበተነባቸው ገና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ስልኩን ተቀበሉት። ግጥሙን ከሞባይል እያነበበ የሚመራ ሰው ዓይኑ ዘማሪዎቹ ላይ አይደለም።

መሪን ባስጠናቸው ሰዎች መመዘን ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራ በሉት ጎንጅ፣ ገፋ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይይዛል። የአስነጋሪው ልክ የሚታወቀው እሱ የያዛቸው ልጆች የኔታ ፊት ሲቀርቡ ነው።

ከሞጣ፦ «የአብነት መምህራችን "የናንተ መዝሙር ዜማ የለውም" ይላሉ። መሪዎቻችንን እንዲያሠለጥኑልን ፈልገን ነበር፤ ግን ፈራናቸው።»

ቢቆጡም ሂዱ። እሳቸው ያለፉበትን መንገድ አስቡት። ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች ብቻ ብንወስድ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ አሉ፤ ድርስና አንብር ደግሞ ይጨመራሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። ድጓውን፣ የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ በምልክቱ የዘለቀ ሰው በአንድ ሳምንት የተደረሰ መዝሙር ሲሰማ ፊቱን ቢያጨፈግግ አይፈረድበትም።

ስትሄዱ ግን «አሠልጥኑልን» ብላችሁ አትጀምሩ። ለመጪው ክብረ በዓል የሚሆን አንድ ወረብ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚዘመር የያሬድ ዜማ፣ ለምኗቸው። ሁለት ሦስት መሪዎች ብቻ ይሂዱ። ተማሪ በሚያስቀጽሉበት፣ ማለትም በሚያስተምሩበት፣ ሰዓት አትድረሱ። ለመቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። ወረቡን ሲቀበሉ እግረ መንገዳቸውን ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙን ከዕዝልና ከአራራይ፣ በጆሯቸው መለየት ይጀምራሉ፤ ለአንድ መዝሙር መሪ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ከወር በኋላ ተመልሰው በቃላቸው ያሰሟቸው። ምዘናው እሱ ነው። የኔታ ሲያርሙ ፊት አይተው አያልፉም። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፤ ይሄን እንኳ እኔ ልነግራችሁ አይገባም።

ከዳንግላ፦ «ለመሪዎች ከመቶ ነጥብ የሚሰጥ ፎርም አዘጋጅተናል። እንዴት ታየዋለህ?»

ተዉት። 78 ያገኘው 76 ካገኘው ጋር ይኳረፋል፤ መዝሙሩ ግን በሁለት ነጥብ አይሻሻልም። «ይምራ» ወይም «ገና ነው» በሉ፤ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉለት። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ምክንያት ይዛችሁ እንደገና ስሙት።

ከቡሬ፦ «ከበሮ መቺያችን መሪውን አይሰማም። እልልታ ሲበዛ ይሞቀዋል፣ ያፈጥናል። ጥፋቱ የማን ነው?»

የሁለቱም ነው፤ ለኔ ግን የመሪው ያይላል። መጀመሪያ አቋቋማችሁን አስተካክሉ። መቺው ከመሪው ጀርባ ከቆመ እንዴት ይተያያሉ? ዓይን ለዓይን የሚገናኙበት ቦታ ይቁሙ፤ ለማብረድና ለመቁረጥ የእጅ ምልክት ይስማሙ። መሪው ራሱ ባይራቀቅበትም ከበሮ መምታት ይልመድ። እጁ የማያውቀውን ነገር ሊያርም አይችልም።

ሁለተኛው መላ ዐቢይ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ከበሮና ጸናጽል አይነኩም። ብዙ መዝሙር ክፍሎች ይህን ወቅት ለትንሣኤ መዝሙር ማስጠኛ ብቻ ያደርጉታል። እኔ ግን የመሪ መፈተኛ ወቅት የምለው እሱን ነው። ከበሮው ሲያርፍ አካሄዱን ይዞ የሚቆየው የመሪው ዜማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ መዝሙሩ የሚጎተት ወይም የሚሮጥ ከሆነ መቺውን ስታሙት የከረማችሁት በከንቱ ነው።

ከባሕር ዳር፦ «እህቶችን ለዓመታት አስጠንቻለሁ። የጋራውን መዝሙር ልምራ ስል "ሴት ወንዶችን አትመራም" አሉኝ።»

እህቴ፣ ማኅሌቱ የካህናቱና የሊቃውንቱ ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለንም። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ግን በብዙ አጥቢያ እህቶች ያስጠኑታል፣ ይመሩታልም። «ወንዶቹን በፈተናችሁበት ፈትኑኝ» በያቸው። ስትፈተኚ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ላንቺ የሚመችሽ አነሳስ ወንዶቹን ወይ ጣራ ያስነካቸዋል ወይ ወለል ላይ ይጥላቸዋል። አስቀድመሽ ከአንድ ወንድም ጋር ሞክሪና መካከለኛውን ያዢ።

ስሜ አይጠቀስ ያለ፦ «ማይክ ለስንት ሰው እንስጥ?»

ለመሪው። ለተቀባዮቹ አንድ በቂ ነው፤ እሱም ራቅ ብሎ ይቁም። ድምፅ ማጉያውን ደግሞ ወደ ሕዝቡ አዙሩት። ወደ ዘማሪው ከዞረ መሪው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።