ያረጀ አውቶማቲክ ካምቢዮ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት ያለፈ ቶዮታዎችን የሚመለከቱ ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ በጋራዥ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ካምቢዮው ወርዶ መፈታቱ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ፤ መጀመሪያ ዘይቱ ይታያል፣ ቀጥሎ የመኪናው ኮምፒዩተር ይነበባል፣ ካምቢዮው የሚፈታው ግን ከሁሉም በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የ1998 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ከተማ ውስጥ ደኅና ይሄዳል፤ ወደ ሐረር ስወጣ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይጎትትም። ካምቢዮው ይቀየር ተብያለሁ።

መልስ፦ ለመቀየር አይቸኩሉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ በአጭር ርቀት ወደ 2,000 ሜትር ያወጣዎታል። በእንዲህ ያለ ዳገት ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል) ዘይቱን አጥብቆ ስለሚያማታው ሙቀቱ ይጨምራል፣ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ መጠኑም ጎድሎ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስብና ፍሪሲዮኖቹን (ተጣብቀው ኃይሉን የሚያስተላልፉትን ሳህኖች) የሚያጣብቀው ግፊት ይወድቃል። ሜዳ ላይ የማይታየው ጉድለት ዳገት ላይ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናውን 20 ደቂቃ ያህል ከነዱ በኋላ ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙት። ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ፍሬን እንደረገጡ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየደረጃው እያቆዩ ወስደው ወደ ፒ ይመልሱት። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥተው ይጥረጉ፣ መልሰው እስከ መጨረሻው ይክተቱና እንደገና አውጥተው በሞቃት ምልክቱ ላይ ያንብቡ። ሆንዳ ያላቸው አንባቢዎች ግን ሞተሩን አጥፍተው ወዲያውኑ ነው የሚለኩት።

አሁን አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። ቀይ ሆኖ ከተስፋፋ ጤነኛ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ መሐሉ ላይ ደቃቅ ዝቃጭ ከተወና የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ፍሪሲዮኑ ራሱ ነው ወደ ዘይቱ የገባው፤ ያኔ ስለ መፍታት መነጋገር ተገቢ ይሆናል።

የእርስዎን የመሰለ አንድ ኮሮላ ካምቢዮው አልቋል ተብሎ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ዘይቱ ቀይ ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ ሊትር በላይ ጎድሏል። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የዘይት ጎማ ከማሰሪያው ሥር እያላበ፣ አቧራ ተለጥፎበት እርጥበቱ እንኳ በቀላሉ አይታይም ነበር። ጎማው ተቀይሮ ዘይቱ ሲሞላ መኪናው ደንገጎን ያለ ችግር ወጣ። ዘይት ከጎደለ የሄደበት ቦታ መኖሩ አይቀርምና፣ ሞልቶ ብቻ መመለስ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የካምቢዮ ዘይት ተቀይሮ የማያውቅ አሮጌ መኪና ዘይቱ ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አባባሉ የመጣው፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የሚቀይረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ነው። ያለቀ ፍሪሲዮን በአዲስ ዘይት አይድንም፤ ጥፋቱ ግን በዘይቱ ላይ ይላከካል። ካምቢዮዎ ሳይንሸራተት የሚሠራ ከሆነ ይቀይሩ፤ ነገር ግን በማሽን ግፊት አይታጠብ። በብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች የታችኛው ቡሎን ሲፈታ የሚወርደው፣ ካምቢዮው ከሚይዘው 7 ሊትር ገደማ ውስጥ ወደ 3 ሊትር ብቻ ነው። የወረደውን ያህል ይሙሉ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ይንዱና ይድገሙት። የታችኛው ሳህን ሲወርድ ማግኔቶቹን ይመልከቱ፤ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚቆጠር የብረት ስባሪ ግን ውስጡ የተሰበረ ነገር እንዳለ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የካምቢዮውን ዘይት ባወጣው ወተት የተጨመረበት የጓቫ ጭማቂ መስሎ አገኘሁት። መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ እባክዎ ዛሬውኑ ያቁሙት። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ውኃውና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ጋር የያዘውን ሙጫ ያላቅቁታል። ወዲያው ከተደረሰበት ራዲያተሩን ቀይሮ ዘይቱ ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሞ በመለወጥ ካምቢዮውን ማትረፍ ይቻላል፤ ቀናት ከተነዳበት ግን መፈታቱ አይቀርም። ይህን ጉዳይ በተለይ የማነሣው ብዙዎቻችን ራዲያተራችንን በቧንቧ ውኃ ስለምንሞላ ነው። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬዳዋ ውኃ በራዲያተሩም ውስጥ ያንኑ ይተዋል፣ ማቀዝቀዣውንም ያፍነዋል፤ ዝገትን የሚከላከል ነገር ስለሌለውም ብረቱ ይበላል።

ጥያቄ፦ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ሳስገባ መኪናው በኃይል ይመታል።

መልስ፦ ኮፈኑን ከፍተው ሌላ ሰው ፍሬን እንደረገጠ ማርሹን ከዲ ወደ አር ያመላልስ፤ እርስዎ ከጎን ሆነው ሞተሩን ይመልከቱ። ሞተሩ ከቦታው ብድግ የሚል ከሆነ የተቀደደው የሞተሩ ሱፖርት (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዘው ጎማ) ነው፣ ካምቢዮው ንጹሕ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ1,000 በላይ ከሆነም እንዲሁ ይመታል። ሁለቱም ደኅና ከሆኑና በዳሽቦርዱ ላይ የኦቨርድራይቭ (የከፍተኛው ማርሽ) መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ስሕተት መዝግቧልና ያስነብቡት፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የዘይቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ወይም የሽቦ ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ሲቪቲ (የተወሰኑ የማርሽ ደረጃዎች የሌሉት አውቶማቲክ ካምቢዮ) ላለው ቪትዝ የተለመደውን ቀይ የካምቢዮ ዘይት መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ፈጽሞ አይቻልም። ሲቪቲ ኃይልን የሚያስተላልፈው በብረት ቀበቶና በፑሊ መካከል ባለ ፍትጊያ ስለሆነ የራሱ ዘይት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ከደንገጎ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ኤን ላይ አደርጋለሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል፣ ነዳጅም አይቆጥብም። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ኤን ላይ ግን እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከዚህ የሚብሰው፣ በእነዚያ ጥምዝምዞች ላይ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ መሆኑ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል አይዝም። ኦቨርድራይቩን አጥፍተው፣ ቁልቁለቱ ሲበረታም ወደ 2 ዝቅ አድርገው ይውረዱ። መንገድ ላይ ቆሞብዎ የሚጎተት ከሆነም፣ እንደ ኮሮላዎ ኃይሉ ወደ ፊት ጎማ የሚሄድ መኪና የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡ፤ ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ ስለማይሠራ ውስጡ ያለ ዘይት ይሽከረከራል።