የጄኔሬተሩ ጉልበት ጨነቅ ሲደርስ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ በደባርቅ ከተማ የምኖር አስጎብኚ ስሆን፣ እንግዶቼን ይዤ በስሜን ተራሮች ሳንቃ በርና ጨነቅ ላይ በድንኳን አድራለሁ። ባለፈው ዓመት «2,500 ዋት» የሚል የተለጠፈበት ርካሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ገዝቼ ነበር። ደባርቅ ላይ ደህና ይሠራል፤ ጨነቅ ላይ ግን ትንሿን ማቀዝቀዣ ስሰካበት ጥቁር ጭስ እያወጣ ታፍኖ ይጠፋል። ሻጩ «ተለቅ ያለ ግዛ» ይለኛል። የምንጠቀመው ስድስት አምፖል፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ስምንት ያህል የስልክና የካሜራ ቻርጀር እንዲሁም ማቀዝቀዣዋን ነው። ወጥ ሠሪያችን ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲመጣላት ትፈልጋለች። ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ ሻጩ ከመጠኑ በፊት ከፍታውን ሊጠይቅዎ ይገባ ነበር። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው አየር እየሳበ ነው፤ ወደ 3,600 ሜትር በሚጠጋው በጨነቅ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ የሞተሩ ጉልበት በ3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ስለሚሰላ፣ ጨነቅ ሲደርሱ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን አጥተዋል ማለት ነው። ይህ ኪሳራ 2,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ደባርቅም አለ፤ እዚያ ያልታወቀዎት ጭነቱ ቀላል ስለነበረ ይመስለኛል። ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የሚለቀው ቤንዚን ስለማይቀንስ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለዚህ መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ክፍል ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ሌላ መለወጥ ነው። ከአንዳንድ ጄኔሬተሮች ጋር ለከፍታ የተዘጋጀች መለዋወጫ ስለምትገኝ፣ ሲገዙ ይህችን ይጠይቁ። ይሁን እንጂ ጭሱንና የቤንዚን ብክነቱን ታስቀራለች እንጂ የጠፋውን ጉልበት አትመልስም። ዕቃውን ወደ መተማ ቆላ ይዘው ከወረዱ ደግሞ የቀድሞዋን መመለስ ግድ ነው፤ አለዚያ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ስድስት አሥር አሥር ዋት አምፖሎች 60፣ ሁለቱ ላፕቶፖች 130፣ ቻርጀሮቹ በአማካይ 15 ዋት ቢወስዱ 120፣ በድምሩ 310 ዋት ይሆናል። ማቀዝቀዣዋ በሥራ ላይ 120 ዋት ብቻ ብትወስድም፣ ሞተሯ በሚነሣበት ቅጽበት እስከ አምስት እጥፍ ልትጠይቅ ስለምትችል 600 ዋት ይያዝላት። ስለዚህ ጨነቅ ላይ 910 ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር ያስፈልግዎታል። በዘላቂነት 1,800 ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር 40 በመቶውን አጥቶ 1,080 ይቀረዋል፤ ለእርስዎ የሚበቃው ይኸው ነው። «በዘላቂነት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ ሲገዙ ለሰዓታት ሳይደክም የሚሰጠው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። በኬቪኤ (ኪሎ ቮልት አምፔር) የተጻፈ ከሆነም ቁጥሩን በ0.8 አባዝተው በኪሎ ዋት ይረዱት።

ዓይነቱን በተመለከተ ኢንቨርተር ጄኔሬተር ይግዙ እላለሁ፤ ዋጋው ከተለመደው ከፍ እንደሚል እያወቅሁ ነው። የተለመደው ጄኔሬተር 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ለመስጠት ጭነት ኖረም አልኖረም በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት፤ ኢንቨርተሩ ግን ኤሌክትሪኩን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚያስተካክል፣ ጭነቱ ሲቀንስ የሞተሩን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል፣ ስለዚህም ቤንዚንም ጩኸትም ይቀንሳል። የሚሰጠው ኤሌክትሪክም ለላፕቶፕና ለካሜራ ቻርጀር የማያሰጋ የተስተካከለ ነው። በተጠቀሰው መጠን ያለው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ስለሚመዝን አንድ ሰው ያነሣዋል፣ በቅሎም ትጭነዋለች። ጭላዳና ዋልያ ለማየት ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሲያዳምጥ ማደር አይገባውም፤ እንግዶቹ ቀን በእግር ጉዞ ላይ ሳሉ ባትሪዎቹን ሁሉ ሞልቶ፣ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ማስነሣት ይቻላል። ለነገሩ በፓርኩ ውስጥ ስለሚፈቀደው ቦታና ሰዓት ከጉዞው በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የምጣዱን ነገር ይተዉት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ፣ በጨነቅ ከፍታ ይህን ለማግኘት ወደ 6,000 ዋት የሚጠጋ ከባድ ጄኔሬተር መሸከም ይኖርብዎታል። እንጀራውን ደባርቅ አስጋግሮ መውጣት ይቀላል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። በከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚሞትበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጄኔሬተርም ጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በብርዱ ምክንያት «ለትንሽ ጊዜ» ተብሎ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ማብሰያ ዳስ እንዳይገባ፣ ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከድንኳኖቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ፣ ነፋሱም ጭሱን ከሰው በሚያርቅበት በኩል ይቀመጥ። ከእንግዶቹ አንዱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢሰማው የከፍታ ሕመም ነው ብሎ ከመደምደም በፊት የጭሱን አቅጣጫ ይመልከቱ፤ ምልክቶቹ ይመሳሰላሉ። ቤንዚን የሚጨመረውም ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባና ሥራ ሲቀዘቅዝ የታንኩን ቤንዚን ቀድተው ያውጡ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ደግሞ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ያስጨርሱት፤ ለወራት የቆየ ቤንዚን ዝቃጩ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። ገጠር ለሚኖሩ ወላጆቼ ከዚሁ ጄኔሬተር ገዝቼ ልላክ?

መልስ፦ እዚያ የሚሸጠው የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ማሳደግ ይቻላል፤ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይለውጠውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ከተሠሩለት ፍጥነት በላይ እየዞሩ ሊጎዱ ይችላሉ። ወላጆችዎ የሚፈልጉት ስልክና ላፕቶፕ ለመሙላት ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ አብዛኞቹ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ በ50ም በ60ም ኸርዝ እንደሚሠሩ ላያቸው ላይ ተጽፏል። ከዚያ ላለፈ አገልግሎት ግን ገንዘቡን ይላኩላቸውና በ50 ኸርዝ የሚሠራውን አዲስ አበባ ይግዙ፤ መለዋወጫውንም ጠጋኙንም እዚያው ያገኛሉ።