የእናት ሳጥንና የልጅ ልብስ፦ ከወሎ እናቶች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ከጥጥ ጨርቅ የነፍሰ ጡርና የሕፃን ልብስ እሰፋለሁ። እናቶች ሲመጡ ስለ ልብሱም ስለ ጤናውም ይጠይቁኛል። ጨርቁ ልጄን ያሳክከው ይሆን? የወይባ እንጨት ጭስ መሞቁስ? ዳይፐሩስ? ሰሞኑን "ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ከደሴም፣ ከቆላውም፣ ከደጋውም ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ሰባት ወር ሆኖኛል። የሕፃን ልብስ ዋጋ አስደነገጠኝ። ምን ምን ልግዛ?

አብሽሪ እህቴ። ሱቅ ከመግባትሽ በፊት የእናትሽን ሳጥን ክፈቺ። ያረጀ ነጠላ፣ የሳሳ ጋቢ፣ ያልተጣለ ኩታ አታጪም። ደጋግሞ የታጠበ ጥጥ ለአራስ ልጅ ቆዳ ከአዲሱ ይሻላል። ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይመጥጣል፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ኬሚካልም ታጥቦ ወጥቷል። ጥለቱን ግን ቁረጪው። የሚያብረቀርቀው ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቆዳ ይፍቃል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አንድ ኪሎ ጥጥ ለማምረት በዓለም አማካይ ወደ 10,000 ሊትር ውሃ ይፈጃል። ያ ውሃ አንዴ ፈስሷል። ጨርቁ ገና የሚያገለግል ከሆነ ለምን ሌላ እናስመርታለን?

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስድስት ያህል ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ፣ ሦስት ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት መጠቅለያና ከ20 እስከ 24 የሽንት ጨርቅ ይበቃል። ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ አታብዢ። ከጎረቤትና ከእህት የተረፈ ልብስ መቀበል ምንም ነውር የለውም። ሰልቫጅም ቢሆን በደንብ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ጥሩ ነው። አዲስ ከገዛሽም ሳታጥቢ አታልብሺው።

ደሴ ብርድ ናት። አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ጨምሪለት፣ ይበቃዋል። ሞቆት ወይም በርዶት እንደሆነ ለማወቅ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ንኪ። የአራስ ልጅ እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያሳስትሻል። ሲተኛ ደግሞ ጋቢ ፊቱ ላይ አይደረብ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሁሉም ሱቅ "መቶ ፐርሰንት ጥጥ ነው" ይላል። እንዴት ልለየው?

ከተማሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት። ጠይቀሽ የምታረጋግጪበት ሰው አታጪም። ቤት ውስጥ ደግሞ በእሳት ትለይዋለሽ። ከጫፉ ጥቂት ክር ምዘዢና ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ክሩን በመቆንጠጫ ያዢው፣ ልጅም አጠገብሽ አይኑር።

ይህን ከመማሬ በፊት በራሴ ልጅ ደርሶብኛል። ከአንድ ሱቅ "ጥጥ ነው" ተብዬ የገዛሁት ልብስ የመጀመሪያ ልጄን አንገቱ ሥር በሽፍታ ሞላው። ሦስት ቀን አልቅሷል። ልብሱን አውልቄ በእናቴ ነጠላ ስጠቀልለው ሽፍታው ጠፋ።

ከሸማኔ የምትገዢ ከሆነ ድሩንና ማጉን ለይተሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል። የፋብሪካው ክር ጥጥ ከሆነ ችግር የለበትም፤ ቅልቅል ከሆነ ግን ለሕፃን አልመርጠውም።

ከውጭ በመጡ ልብሶች ላይ "ጂ.ኦ.ቲ.ኤስ" (GOTS) የሚል ምልክት ካየሽ ቢያንስ 70 በመቶው ክር ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የበቀለ ነው ማለት ነው። "ኦኮ ቴክስ ስታንዳርድ 100" (OEKO-TEX Standard 100) ደግሞ ልብሱ ለጎጂ ኬሚካል መመርመሩን ያሳያል። እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች የሚውለው ክፍል 1 ከሁሉም ጥብቅ ነው። "የቀርከሃ ጨርቅ" ተብሎ የሚሸጠውም ለስላሳ ነው፣ አልክድም። ግን አብዛኛው ቀርከሃው በከባድ ኬሚካል ቀልጦ እንደገና ክር የሆነ ነው። ስሙ እንደሚያስመስለው ከጫካ በቀጥታ የመጣ አይደለም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ከወልዲያና ከሐይቅ)፦ ዳይፐር ወይስ ጨርቅ?

ብዙ ሰው የጠየቀው ይህን ነው፤ እኔም ብዙ የምለው አለኝ።

አራስ ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ያህል ይቀየርለታል። በወር 300 ዳይፐር ማለት ነው። ዳይፐር ላስቲክ አለበት፣ ሽንቱን የሚይዘውም ሰው ሠራሽ ፍሬ ነው። አይበሰብስም። ደሴ ገደል ሥር የሚጣለውን ሁላችንም እናውቃለን። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደ ቦርከና ወንዝ ያወርደዋል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ የጥጥ እርሻ የሚያጠጣ ወንዝ ነው። በልጃችን ዳይፐር ያቆሸሽነው ውሃ የልጃችንን ልብስ ጥጥ ያጠጣል። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ስለዚህ እኔ የጨርቅ ወገን ነኝ። አያያዙን ግን እወቂበት። ዓይነ ምድሩን መጀመሪያ ሽንት ቤት ጨምሪው። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በተራ ሳሙና እጠቢው። ሳሙናው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አለቅልቂ። የቀረ ሳሙና ቂጡን ያቃጥለዋል። ማለስለሻ ፈሳሽ አትጨምሪ፤ ጨርቁ ሽንት መምጠጥ ያቆማል። ፀሐይ ላይ አስጪው። የእኛ አገር ፀሐይ በነፃ ያደርቃል፣ ጀርምም ይገድላል፣ እድፍም ያነጣል። ጨርቅ ከዳይፐር የሚሻለው እንዲህ በፀሐይ ሲደርቅ ነው። በኤሌክትሪክ ማድረቂያ የሚያደርቅ ሰው ብዙውን ጥቅሙን ያጣዋል።

ከላይ ፌስታል አታልብሺው፣ አደራ። ያፍነዋል፣ ሽፍታ ያወጣበታል።

ከወልዲያ የጠየቅሽኝ እህቴ "ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው" ብለሻል። እንዲህ ከሆነ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር ተጠቀሚ፣ ቀን ቤት ስትሆኚ ጨርቅ። በዚህ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። ያገለገለውን ዳይፐር ጠቅልለሽ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ስጪ እንጂ ገደል አትወርውሪው።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ ባና ለሕፃን ይሆናል?

ከውጭ ለመደረብ ይሆናል። ቆዳው ላይ ግን አይንካው። ባና የበግ ጠጉር ነው፤ ያሳክካል። ከሥር ጥጥ አልብሺው።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ወይባ ልሙቅ? የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። አክስቶቼ ቆዳ ያጠራል፣ ወገብ ያጠነክራል ይሉኛል።

አሁን አይሆንም፣ የኔ እናት። እርግዝና ላይ ሰውነትን ክፉኛ የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ይቅር፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራው ያኔ ነው። ጭሱ ራሱም ጉዳት አለው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከፍምና ከእንጨት የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ከእናትየው ደም ለፅንሱ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል።

ከወሊድ በኋላስ? የወሎ አራስ ያለ ወይባ አራስ አትመስልም። እኔም በዚያ መዓዛ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ልከለክልሽ አልችልም። ግን ቁስል ካለሽ፣ ተሰፍተሽም ይሁን በኦፕሬሽን ወልደሽ፣ ድኖ ሐኪም እስኪያይልሽ ጠብቂ። በርና መስኮት ክፈቺ። ሕፃኑ ሌላ ክፍል ይሁን። ራስሽን ካዞረሽ ወዲያው ውጪ። እንጨቱንም በጥቂቱ አድርጊው፣ ወይባ ተቆርጦ እስኪተካ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ከሳሙና ይልቅ እንዶድ ለተፈጥሮ አይሻልም? የሕፃን ልብስ ባጥብበትስ?

እንዶድ የምንኮራበት ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሥራቸው በዓለም ታወቀ።

ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን መርዝነት አለው፤ ዓሣም ይገድላል። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። የጋቢና የነጠላ ማጠቢያ ይሁን፣ እጣቢውንም ወንዝ ውስጥ አትድፊ። ለሕፃን ልብስ ሽታ የሌለው ተራ ሳሙና ይበቃል። እርጉዝ ሆነሽ እንዶድ ለምንም በሽታ ብለሽ እንዳትጠጪ። ፅንስ ያስወርዳል፣ እናትንም ይገድላል። ኮሶም እንደዚያው ይቅር።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ እንሶስላና ኩል እርጉዝ ላይ ይጎዳል? ሕፃኑንስ ልኳለው?

እንሶስላ የተክል ሥር ነው። እጅና እግርሽ ላይ ብታስሪው አያሳስበኝም። ሂናም ንጹሕ ከሆነ እንደዚያው። ቶሎ ጥቁር እንዲል ተብሎ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ሂና ግን ቆዳ ያቆስላል። ሰኞ ገበያ ስትወጪ አስተውለሽ ግዢ። ቀንሽ ሲቃረብ ደግሞ ጥፍርሽን ተዪው። ኦክስጅን ሲያንስሽ ጥፍርሽ ይገረጣል ወይም ይጠቁራል፤ ከተቀባ አዋላጇ ማየት አትችልም።

ኩል ላይ ግን አልደራደርም። ብዙው ኩል እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ ከእናት ወደ ፅንስም ያልፋል። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። ለዓይኑ ውበት ተብሎ አይደረግ፣ ለቡዳም ተብሎ አይደረግ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ሙቀቱ አልቻልኩም። ምን ልልበስ? መቀነትስ?

ሰፊ፣ ሳሳ ያለ የጥጥ ቀሚስ። ከደረት በታች ሰፋ የሚል አሰፊ፤ ለማጥባት ከፊት ይከፈት። ከወለድሽም በኋላ ትለብሽዋለሽ፣ ለሁለት ሦስት ወር ብቻ የሚሆን ልብስ አትግዢ። መቀነት ከሆድ በታች ዳሌ ላይ ላላ ብሎ ከታሰረ ወገብ ይደግፋል። ሆድ ላይ ግን አይጥበቅ።

እግር ማበጥ በሙቀት የተለመደ ነው። ፊትና እጅሽ ካበጠ፣ ራስ ምታት ከጠናብሽ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለ ግን የሙቀት ጉዳይ አይደለም። የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አንቀልባ የልጅ እግር ያጣምማል?

አያጣምምም። ጀርባሽ ላይ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እግሩ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ከተቀመጠ ለዳሌው ጥሩ ነው። ዳሌን የሚጎዳው እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ነው። አንገቱ እስኪጠና ግን ደረትሽ ላይ ይሁን፤ አፍንጫው ሁልጊዜ ይታይሽ።

አጫጭር ጥያቄዎች

ቅቤ ማዋጥ? አይሆንም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። እትብቱም ላይ ቅቤ አይቀባ። ቡና? አቦሉን ጠጪና ቶናና በረካውን ለሌሎቹ ተዪላቸው፤ ጤና አዳምም አትጨምሪበት። ጫት? በእርግዝና ይቅር። ክብደቱ ያነሰ ልጅ ይወለዳል። ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ግን አታቋርጪ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አማቴ "ሳይወለድ ልብስ ማዘጋጀት ሟርት ነው" ትላለች። ከእሷ ጋር መጣላት አልፈልግም።

አትጣዪ። ፈርታ ነው። ስንት እናት ባዶ እጇን ስትመለስ አይታ ይሆናል። እኔም አይቻለሁ። እንዲህ አድርጊ። ሱቅ አትሂጂ፤ እሷ ቤት ያለውን አሮጌ ነጠላ ለምኛት። "ለቤት ነው" ብለሽ አጥበሽ፣ ቆርጠሽ፣ ጠርዙን ስፊው። ከዚያ ጠቅልለሽ መልሰሽ ለእሷ ስጫት። እሷ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ምጥ ሲጀምርሽ ይዛልሽ ትመጣለች፤ የልጅ ልጇን መጀመሪያ የምትጠቀልለው በራሷ ነጠላ ይሆናል። ማርያም ትቅረብሽ።