ከሠራተኛ ማኅበር አባልነት ስለመውጣት ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ በአንድ ፋብሪካ በቋሚነት የምሠራና ከተቀጠርሁበት ጊዜ አንሥቶ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን አባል የነበርሁ ሠራተኛ ነኝ። በማኅበሩ የገንዘብ አያያዝ ቅር በመሰኘቴ ከአባልነት መውጣቴን በደብዳቤ ባሳውቅም፣ ሊቀመንበሩ «ጠቅላላ ጉባኤው ሳይፈቅድ መውጣት አይቻልም» ብለውኛል፤ የአባልነት መዋጮውም እስካሁን ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው። ይህንን የሰማው የድርጅቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ደግሞ ከማኅበሩ የመውጫ ቅጽ አባዝቶ ለሥራ ባልደረቦቼ እንዳድልለት ጠይቆኛል። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? ብወጣስ የደመወዝ ጭማሪውና ሌሎች ጥቅሞች ይቀሩብኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከማኅበሩ የመውጣት መብት አለዎት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ መውጫ ሥርዓት ዝርዝር ድንጋጌ ስለሌለው መልሱ ከበርካታ ሕጎች ተገናዝቦ የሚገኝ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ሕጋዊ ዓላማ የመደራጀት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ ሠራተኞች የሥራ ሁኔታቸውን ለማሻሻል ማኅበር የማቋቋም መብታቸውን ያረጋግጣል፤ የአዋጁ አንቀጽ 113ም መደራጀትን የሚያስቀምጠው እንደ መብት እንጂ እንደ ግዴታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 13 እነዚህ መብቶች ከዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል፤ መግለጫውም በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን ሊገደድ እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። በፈቃዱ የገባ ሰው መውጣት ከተከለከለ ከዚያ በኋላ ያለው አባልነቱ የግዳጅ አባልነት ነው።

የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ደንቡ መውጣት የሚፈልግ አባል በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ያልከፈለውን መዋጮ እንዲያጠናቅቅ፣ በእጁ ያለውን የማኅበሩን ንብረት እንዲመልስ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ እርስዎም ይህንን ማሟላት አለብዎት። ሥርዓት ማስያዝና ፈቃድ መስጠት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤው የመውጣትዎን ማስታወቂያ ተቀብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ውጡ ወይም አይውጡ ብሎ ድምፅ ሊሰጥበት ግን አይገባም። በእኔ እምነት ሊቀመንበሩ የተሳሳቱት በዚህ ላይ ነው።

መዋጮውን በተመለከተ የአዋጁ አንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው በሚዋዋሉት ስምምነት)፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አሠሪው ከደመወዝ ላይ መቀነስ እንደማይችል ይደነግጋል። ተቀናሹ የተመሠረተው በእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ከሆነ ስምምነቱን ማንሣትዎን፣ በኅብረት ስምምነቱ ከሆነ ደግሞ አባልነትዎ ማብቃቱን ለደመወዝ ክፍሉ በጽሑፍ ያስታውቁ። ለማኅበሩ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ አሠሪው ዘንድ ካልደረሰ ደመወዝ ከፋዩ መቁረጡን ቢቀጥል አያስገርምም። ከማስታወቂያው በኋላ ለተቆረጠው ገንዘብ የሚቀርብ ጥያቄ እንደ ደመወዝ ጥያቄ ስለሚታይ በአንቀጽ 163 መሠረት የ6 ወር የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ ጥያቄው የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ እንዳለው አይዘንጉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም የአሠሪው ቅጽ ነው። እባክዎን ቅጹን ለማንም አያድሉ። የአዋጁ አንቀጽ 14 አሠሪ ሠራተኛውን የማኅበር አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን፣ አባልነቱን እንዲተው፣ ወይም አንዱን ማኅበር ለቆ ሌላ እንዲቀላቀል ማስገደድን ሕገ ወጥ ድርጊት አድርጎታል። ኢትዮጵያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 98ም ሥራን ከማኅበር አባልነት መልቀቅ ጋር ማያያዝን በመጀመሪያው አንቀጹ ይከለክላል። ደመወዝ ከፋይ የሆነ ወገን አባዝቶ ያቀረበውን ቅጽ ሠራተኛው በነፃ ፈቃዱ ፈረመ ለማለት ይከብዳል፤ «አልፈርምም» ያለው ሰው ነገ በዕድገት ወይም በዝውውር ጊዜ ምን ይገጥመኝ ይሆን ብሎ መሥጋቱ አይቀርምና። እርስዎን ከማኅበሩ የሚያወጣዎት ነፃነት ባልደረቦችዎ ያለ ጫና አባል ሆነው እንዲቆዩ የሚያስችላቸውም ነው፤ በዚህ ላይ ማንም መደራደር የለበትም። አባል በመሆኑ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ካለም በአንቀጽ 26 መሠረት ይህ ምክንያት ሕጋዊ ስላልሆነ በአንቀጽ 43 ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው፤ አቤቱታውን ግን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል።

ስለ ጥቅሞቹ፣ በኅብረት ስምምነቱ የተፈጻሚነት ወሰን የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። ስምምነቱ የድርጅቱን ሠራተኞች በሙሉ የሚሸፍን ከሆነ በመውጣትዎ ጭማሪው አይቀርብዎትም። በማኅበሩ ሥር የተቋቋመ መረዳጃ ካለ የራሱን ደንብ ይከተላል፤ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ የራሱ የሕግ ሰውነት ያለው፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ የተለየ ተቋም በመሆኑ ከሠራተኛ ማኅበሩ መውጣት ብቻውን ከዚያ አያስወጣዎትም። የሚያጡት ድምፅዎን ነው፤ መሪዎችን መምረጥ፣ መመረጥና በማኅበሩ ስብሰባ መወሰን የአባላት ነው።

ስለዚህም ቅሬታዎ በገንዘብ አያያዙ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት እንዲቀርብለት መጠየቅን ቢያስቡበት እመክራለሁ፤ ከወጡ በኋላ ይህንን በአባልነት መብት ለመጠየቅ አይችሉም። ውሳኔዎ ከጸና ግን አጭር ደብዳቤ በራስዎ ቃል ይጻፉ፤ የሚወጡበትን ቀን ይግለጹ፣ ለድርጅቱ ደመወዝ ክፍል በግልባጭ ያሳውቁ፣ በእርስዎ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይም የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስፈርሙ።